ጠፍጣፋ ትል በቤት አኳሪየም፦ ትሉን መለየት፣ መድኃኒቱን መመጠን፣ እንቁላሉን መቅደም

የአኳሪየሙን መብራት አጥፍተው ሁለት ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘው መስታወቱን ይመልከቱ። ቀን ላይ ንጹሕ የነበረው መስታወት ላይ ነጫጭ ነገሮች ሲንሸራተቱ ካዩ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «የትል መድኃኒት ከየት ላግኝ?» የሚል ነው። እሱ ይቆይ። በጠፍጣፋ ትል ላይ የሚሠራው ስህተት በአብዛኛው ሁለት ነው፤ አንዱ የትሉን ዓይነት ሳይለዩ መድኃኒት መጨመር ሲሆን ሌላው አንዴ ጨምሮ «ጨረስኩ» ብሎ መተው ነው። ዓሣ ላይ የሚጣበቁትን ትሎች የሚገድለው መድኃኒት እንቁላላቸውን አይነካም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከመድኃኒቱ ይልቅ ቀን ቆጠራው ይበልጣል።

መመሪያው ሐዋሳ ውስጥ በቧንቧ ውሃ ለሚረቡ ዓሦች፣ ማለትም ለጎልድፊሽ፣ ለጉፒ፣ ለሞሊ፣ ለኤንጀልፊሽና ለመሰሎቻቸው ነው። የባሕር ውሃ የኮራል አኳሪየም ትሎች ሌላ ዝርያ፣ ሌላ መድኃኒት ናቸው፤ እዚህ ያለውን መጠን ወደዚያ አይውሰዱት።

ያዩት ምንድን ነው?

መስታወት ላይ የሚታየው ሁሉ ጠፍጣፋ ትል አይደለም፤ ጠፍጣፋ የሆነውም ሁሉ ጎጂ አይደለም። የእጅ ባትሪና የማጉያ መስታወት ለዚህ ይበቃሉ።

እንደ ክር የቀጠነ፣ ውሃ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚዋኝ፣ አሸዋ ሲነካ የሚወጣ ነጭ ትል ጠፍጣፋ ትል አይደለም። የምግብ ትርፍራፊ የሚበላ ምስኪን ነው፤ ዓሣው ራሱ ደስ ብሎት ይበላዋል። ሁለቱም ጫፎቹ ላይ መምጠጫ ያለው፣ ሰውነቱ የተከፋፈለ፣ እየታጠፈና እየተዘረጋ የሚራመደው አልቅት ነው፤ በወረንጦ ለቅመው ያውጡት። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ራሳቸው ሾጣጣ ያልሆነ፣ እንደ ነጭ ነጥብ የሚንሸራተቱ ደቃቃ ትሎች ጠፍጣፋ ትሎች ናቸው፤ ግን ዓሣም ሽሪምፕም አይነኩም።

ፕላናሪያ የሚባለውን ጠፍጣፋ ትል የሚለየው ራሱ ነው። እንደ ጦር ጫፍ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከላዩ ሁለት ጥቁር የዓይን ነጥቦች ይታያሉ። ርዝመቱ ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ ቀለሙ ነጭ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው። አይጠማዘዝም፣ አይታጠፍም፤ ዘይት ላይ እንዳለ ነገር ዝም ብሎ ይንሸራተታል። መስታወቱ ወይም ቅጠሉ ላይ በቀጭን እግር የተንጠለጠለች የጤፍ ፍሬ የምታህል ቡናማ ክብ ነገር ካገኙ የእንቁላል ከረጢቱ ነች።

አምስተኛው ዓይነት መስታወት ላይ ፈጽሞ አይታይም። ፍሉክ የሚባለው ጥገኛ ጠፍጣፋ ትል የሚኖረው ዓሣው ቆዳና ስንጥብ (የሚተነፍስበት አካል) ላይ ነው፤ አብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ዓሣ የሚገድለው ይሄኛው ነው። እንግዲህ መስታወቱ በትል ተሞልቶ ዓሣው ጤነኛ ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው፤ መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ዓሣው ድንጋይ ላይ ሰውነቱን የሚፈትግ ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነው።

ፕላናሪያ፦ መጀመሪያ ምግቡን፣ ከዚያ ወጥመዱን

ፕላናሪያ ትልልቅ ዓሦችን አይጎዳም። የሚጎዳው እንቁላል፣ ሽሪምፕና ትንንሽ ቀንድ አውጣ ነው። የሚያረቡት ጎልድፊሽ ብቻ ከሆነ መድኃኒት ጨርሶ ላያስፈልግዎ ይችላል። ትሉ የበዛው ምግብ ስለተረፈ ነው፤ ምግቡ ካልቀነሰ በመድኃኒት የጠፋው ነገ ተመልሶ ይበዛል።

በቀን አንድ ጊዜ፣ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ይስጡ፤ በሳምንት አንድ ቀን አይመግቡ። (ዓሣ ቢጾም ምንም አይሆንም፤ ከልጆች ጋር መስማማቱ ነው የሚከብደው።) በሳምንት ሁለት ጊዜ አሸዋውን በጎማ እየመጠጡ ከ25 እስከ 30 በመቶ ውሃ ይቀይሩ። ጎማውን በአፍ ስበው አያስጀምሩ፤ ምክንያቱ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ በሚያወራው የመጨረሻ ክፍል አለ። ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ሲሞላ አንዱን ጫፍ በጣት ዘግተው ወደ ባልዲው ያውርዱት።

ወጥመድ በቤት ይሠራል። አንድ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይውሰዱ፤ መርፌው አያስፈልግም። በጋለ ምስማር ጎኑ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ቀዳዳዎች ይክፈቱ። ቀዳዳው ከዚህ ከሰፋ የጉፒ ጫጩት ይገባበታል። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጥሬ ጉበት ወይም የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ከተው መግፊያውን መልሰው ይክተቱ፤ ከዚያም ወለሉ ላይ ያጋድሙት። ቀላል ሆኖ ከተንሳፈፈ ድንጋይ ይደግፉት። (ጥሬ ሥጋ መውደዱ አገርኛ ያስመስለዋል፤ ሚጥሚጣ ግን አያስፈልገውም።) መብራቱ ከጠፋ ከሦስት ሰዓት በኋላ ያውጡት። ሌሊቱን ሙሉ ከተዉት ትሎቹ በልተው ይወጣሉ፣ ሥጋውም ውሃውን ያበላሻል።

የተያዘውን ትል በጣት ወይም በቢላ አይጨፍልቁ፣ መስታወቱንም እየፋቁ አይቆራርጧቸው። ፕላናሪያ ከተቆረጠ እያንዳንዱ ቁራጭ ሙሉ ትል ሆኖ ያድጋል። ሲሪንጁን የፈላ ውሃ ውስጥ ያራግፉት። የእንቁላል ከረጢቱ ለመፈልፈል ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ ወጥመዱን በየሁለት ቀኑ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ይቀጥሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ምንም ስላልተያዘ ያቆመ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው እንደገና ይጀምራል።

ሽሪምፕ የሚያረቡ ወይም እንቁላል የሚያስፈለፍሉ ከሆነና ወጥመዱ ካልበቃ፣ መድኃኒቱ ፈንቤንዳዞል ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቀው ሲያገኙ እሽጉ ላይ የንጥረ ነገሩ መጠን ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ ያንብቡ። መጠኑ በአንድ ሊትር 0.6 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ60 ሊትር 36 ሚሊ ግራም ማለት ነው። 250 ሚሊ ግራም የሚል ፍሬ ከሆነ አድቅቀው በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጥብጡት፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ስለዚህ 36 ሚሊ ሊትር ይለካሉ። ፈንቤንዳዞል ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ትሉም የሚያገኘው እዚያው ነው። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያውን ግማሽ ይጨምሩ፤ በአምስተኛው ቀን የሞተውን ትል ከወለሉ መጥጠው ግማሹን ውሃ ይቀይሩ፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ከከረጢት ለወጡት ይድገሙት። የሚፈልጉት ቀንድ አውጣ ካለዎት አስቀድመው ወደ ሌላ ዕቃ ያዛውሩ። ፈንቤንዳዞል ብዙ ዓይነት ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ አሸዋው ውስጥም ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ፍሉክ፦ ዓሣው ራሱን ሲፈትግ

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ዓሣው ድንጋይና አሸዋ ላይ ጎኑን እየመታ ያልፋል፣ ክንፎቹን ሰብስቦ ይቆማል፣ ቆዳው ላይ ነጣ ያለ ልጋግ ይበዛል። የአንድ በኩል የስንጥብ ክዳኑ ተዘግቶ በሌላው ብቻ ከተነፈሰ፣ ወይም ውሃው ላይ ወጥቶ አፉን ከከፈተ፣ ትሉ ስንጥቡን ይዞታል። የደቀቀ ጨው የተነሰነሰበት የመሰለ ነጭ ነጥብ ካለ ግን ነጭ ነጥብ የሚባለው ሌላ በሽታ ነው፤ የሚከተለው አይሠራለትም።

*ውሃውን መጀመሪያ ይጠርጥሩ።* አሞኒያም ክሎሪንም ዓሣን እንደ ፍሉክ ያሳክካሉ። በተለይ ውሃ በተቀየረ ማግስት መፈተግ ከጀመረ ክሎሪን ነው ብለው ይጀምሩ። የአሞኒያ መርዛማነት ከፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ጋር ይጨምራል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፒኤች 7.5 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ወደ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ፒኤች 8.5 ሲሆን ወደ 15 በመቶ ይደርሳል። የሐዋሳ ሐይቅ አልካላይን ነው፤ ከሐይቁ ዳር የመጣ ድንጋይና አሸዋም የአኳሪየሙን ፒኤች ከፍ ሊያደርግ ይችላል። መለኪያ ካለዎት ሁለቱንም ይለኩ። ከሌለዎት በባልዲ ለ48 ሰዓት በአየር ፓምፕ የቆየ ውሃ አዘጋጅተው ግማሹን ይቀይሩና አንድ ቀን ይጠብቁ። መፈተጉ ከቆመ ጥፋተኛው ውሃው ነበር፤ መድኃኒት መግዛት አያስፈልግም።

*በማይክሮስኮፕ ማየት።* ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ግን ማይክሮስኮፕ ያለበት የትምህርት ቤት ወይም የክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያውቁ ከሆነ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የሐዋሳ ላቦራቶሪ ባለሙያ በሐይቁ ምክንያት የቢልሃርዚያ እንቁላል መፈለግ የለመደ ነው፤ የዓሣ ትል አያስቸግረውም። እጅዎን አርጥበው ዓሣውን በእርጥብ መረብ ላይ ይያዙ። ከጎን ክንፉ ኋላ፣ ከራስ ወደ ጅራት፣ በሽፋን መስታወት ጠርዝ ቀስ ብለው አንዴ ይፋቁ። ልጋጉን በአንድ ጠብታ የአኳሪየም ውሃ (የቧንቧ ሳይሆን) ስላይድ ላይ አድርገው ይሸፍኑ። ዓሣው ከአንድ ደቂቃ በላይ ከውሃ ውጪ አይቆይ። በ40 እጥፍ ይፈልጉ፣ በ100 እጥፍ ያረጋግጡ።

ጋይሮዳክቲለስ የሚባለው ራሱ ሁለት ሹል አለው፤ ዓይን የለውም፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ መንጠቆ ያለው ልጁ ይታያል። ልጁም በሆዱ የራሱን ልጅ ይዟል። እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፤ ስለዚህ ቶሎ ይበዛል፣ ቶሎም ይጠፋል። ዳክቲሎጋይረስ የሚባለው ራሱ አራት ጎባጣ፣ አራት ጥቁር የዓይን ነጥብ አለው። በአብዛኛው ስንጥብ ላይ ስለሚኖር ከቆዳ ፍቂ ላይታይ ይችላል። ዓሣ ከሞተብዎ ወዲያውኑ ትንሽ ስንጥብ በመቀስ ቆርጠው ይዩት። ሬሳው ሰዓታት ከቆየ ትሎቹም አብረው ስለሚጠፉ «የለበትም» የሚል የተሳሳተ መልስ ያገኛሉ። ዳክቲሎጋይረስ እንቁላል ይጥላል፤ አድካሚው እሱ ነው።

ፕራዚኳንቴል እንዴት ይመጠናል

ለሁለቱም ፍሉኮች ዋናው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው። በትምህርት ቤት ዘመቻ ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ያው ነው፤ የሰው ፍሬ 600 ሚሊ ግራም ነው። ከፋርማሲ ሲጠይቁ ለዓሣ መሆኑን ይንገሩ፤ ለልጅ የተሰጠ ፍሬ ለዓሣ አይቀመጥም። ለውሻ የሚሸጠው የትል ፍሬ ብዙ ጊዜ ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለና ፕራዚኳንቴሉም አነስተኛ የሆነ ነው፤ የሰውን ፍሬ ይምረጡ።

መጠኑ በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ነው። ስሌቱ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የውሃው ልክ ነው። «መቶ ሊትር ነው» ተብሎ የተሸጠ ገንዳ መቶ ሊትር ውሃ አይይዝም። ርዝመት በወርድ፣ በውሃው ከፍታ (በመስታወቱ አይደለም) አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፤ ሁሉም በሴንቲ ሜትር። 80 በ35 የሆነ ገንዳ ውሃው 35 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ 98 ሊትር ይሆናል። ለአሸዋና ለድንጋይ ወደ 10 ሊትር ሲቀነስ 88 ይቀራል። የሚታከመው 88ቱ ነው።

ሁለተኛው ፍሬውን በሚዛን መመዘን ነው። 600 ሚሊ ግራም የሚባለው መድኃኒቱ ብቻ ነው፤ ፍሬው በሙሉ መሙያም ስላለበት ከዚያ ይከብዳል። ለ88 ሊትር 220 ሚሊ ግራም ዱቄት መዝኖ የጨመረ ሰው ከሚያስፈልገው በታች ሰጥቷል። ሚዛኑን ይተዉትና እንዲህ ያድርጉ፦

አንድ ፍሬ በንጹሕ ሙቀጫ (የበርበሬው አይሁን) ደቅቆ ዱቄት እስኪሆን ይፍጩ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ 240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጅ ለክተው ዱቄቱን ይጨምሩ፣ ክዳኑን ዘግተው ሦስት ደቂቃ በኃይል ይናጡት። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ይዟል፤ ስለዚህ ለአንድ ሊትር የአኳሪየም ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ለ40 ሊትር 40፣ ለ88 ሊትር 88፣ ለ120 ሊትር 120 ሚሊ ሊትር፤ ለ240 ሊትር ጠርሙሱን በሙሉ።

ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ብጥብጥ እንጂ የሟሟ አይደለም፤ ፕራዚኳንቴል ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ጠርሙሱን አስቀምጠው ሲመለሱ ነጩ ከታች ይተኛል፤ ከላይ የሚቀዱት ባዶ ውሃ ነው። ሲሪንጁን ከመሙላትዎ በፊት በየጊዜው ይናጡ። ሳይሟሟ መግባቱ ያሳስብዎት ይሆናል፤ አኳሪየሙ ውስጥ ያለው ውሃ ብዙ ስለሆነ በሰዓታት ውስጥ ይሟሟል። ፊልተሩ ውሃ በሚያወጣበት ቦታ ላይ ቀስ እያሉ ያፍስሱት። ውሃው ለጥቂት ሰዓት ደመናማ ይሆናል፣ አረፋም ይታያል፤ የፍሬው መሙያ ነው። አንዳንዱ ሰው በአረቄ ያሟሟዋል፤ መድኃኒቱ በአልኮል መሟሟቱ እውነት ነው፣ ነገር ግን አልኮሉ የባክቴሪያ ምግብ ሆኖ ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ ኦክስጅኑንም ይበላል። አረቄው ለእንግዳ ይቆይ። የተረፈውን ብጥብጥ ለሚቀጥለው ሳምንት አያስቀምጡ፤ በየዙሩ አዲስ ይፍጩ።

የሦስቱ ሳምንት አካሄድ

ዋዜማ፦ ዓሦቹን አይመግቡ። አሸዋውን መጥጠው ከ30 እስከ 40 በመቶ ውሃ ይቀይሩ። ፊልተሩ ውስጥ አክቲቬትድ ካርቦን (መድኃኒቱን የሚመጥ ከሰል) ካለ ያውጡ፤ የአልትራቫዮሌት መብራት ካለ ያጥፉ። ስፖንጁ ይቆይ።

ቀን 1፦ ጠዋት ላይ ይጨምሩ እንጂ ማታ አይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ዓሦቹን ማየት አለብዎ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከበፊቱ ይበልጥ ሊፈትጉ ይችላሉ፤ ትሉ ሲላቀቅ ነው። ሲሞት የሚታይ ነገር ግን አይጠብቁ።

ከቀን 2 እስከ 6፦ ምግብ በግማሽ ይቀንስ፤ ዓሦቹም የምግብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል። ውሃ አይቀይሩ፤ የተነነውን ብቻ ይሙሉ።

ቀን 7፦ 40 በመቶ ቀይረው ሙሉውን መጠን እንደገና ይጨምሩ። «ግማሹ ውስጥ አለ» ብለው አይቀንሱ፤ አብዛኛው በባክቴሪያ ተበልቷል።

ቀን 14፦ እንደ ቀን 7።

ቀን 21፦ ግማሹን ውሃ ይቀይሩ፣ ካርቦኑን ለአራት ቀን ይመልሱ፤ ከተቻለ እንደገና ይፋቁና ይዩ።

ሰባት ቀን የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። ሁለተኛው መጠን መግባት ያለበት እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ፣ የተፈለፈለው ግን አድጎ የራሱን እንቁላል ከመጣሉ በፊት ነው። በ25 ዲግሪ ገደማ እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል፤ ለመጣል የሚደርሰው ደግሞ ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። በሦስተኛው ቀን ቢደግሙት ገና ያልተፈለፈለው ያመልጣል፤ በአሥራ አምስተኛው ቢደግሙት አዲስ እንቁላል ተጥሏል። ይህ ቁጥር ከሙቀቱ ጋር ይለዋወጣል። በሐምሌና ነሐሴ ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ወደ 20 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ መፈልፈሉ ይዘገያል። ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ አለ፦ ማሞቂያ ገዝቶ ውሃውን 25 ላይ ማቆየት፣ ወይም ርቀቱን ወደ 10 ቀን አራዝሞ አራተኛ ዙር መጨመር። ለጎልድፊሽ ሁለተኛው ይሻላል፤ ሙቀት አይወድም። ለጉፒና ለኤንጀልፊሽ ማሞቂያው ይሻላል።

ጋይሮዳክቲለስ ብቻ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ካረጋገጡ እንቁላል ስለሌለ ሁለት ዙር ይበቃል። ካላረጋገጡ ሦስቱን ዙር ይጨርሱ።

በመሐል ዓሣው በጣም ከተጨነቀ የጨው ነከራ ለጊዜው ያስተነፍሰዋል። ምንም ያልተቀላቀለበት ያልተፈጨ ጨው፣ በሊትር 20 ግራም፣ በአኳሪየሙ ውሃ በባልዲ፣ ከአየር ፓምፕ ጋር፣ ቢበዛ 10 ደቂቃ። ሰዓቱን ሳይሆን ዓሣውን ይዩ፤ በጎኑ ከተጋደመ ወዲያው ያውጡት። ይህ ማስታገሻ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ያለውን እንቁላል አይነካም። ፎርማሊን የሚመክሩ አሉ፤ በመኖሪያ ቤት አይሞከር። ለሰው ጤና ጎጂ ነው፣ የውሃውን ኦክስጅንም ይቀንሳል።

ሳይሠራ ሲቀር

ሦስት ዙር ጨርሰው ዓሣው መፈተጉን ካላቆመ መጠኑን ከማሳደግዎ በፊት እነዚህን ይመርምሩ። ካርቦኑ ወጥቶ ነበር? ዓሣው ብቻ ወደ ባልዲ ወጥቶ ታክሞ እንቁላሉ ወዳለበት ገንዳ ተመልሶ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። አንድ መረብና አንድ ጎማ የሚጋሩ ሁለት ገንዳዎች እንደ አንድ ገንዳ ይቆጠራሉ፤ አብረው ይታከማሉ። ገንዳው ቀደም ሲል በፕራዚኳንቴል ብዙ ጊዜ ከታከመ ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን መስበር ስለሚለምዱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ዓሦቹን ባዶ ገንዳ ውስጥ ማከም ይሻላል።

ይህ ሁሉ ትክክል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ ፍሉክ አልነበረም። ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኞች ቁርጥ እንዲህ ያሳክካሉ፤ ፕራዚኳንቴል ምንም አያደርጋቸውም። ወደ ማይክሮስኮፑ ይመለሱ።

ፕራዚኳንቴል ለፕላናሪያም ይሆናል ብለው አይጨምሩ። በላቦራቶሪ የተቆረጠ ፕላናሪያ በዚህ መድኃኒት ውስጥ ሲቆይ ጅራት በሚበቅልበት ቦታ ሌላ ራስ አብቅሎ ባለ ሁለት ራስ ሆኗል። አንዱ ራስ ያስቸገረዎት ሰው ሁለተኛውን አይፈልጉም።

አየርና መብራት

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 82 በመቶ ያህል ስለሆነ ውሃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው። በ25 ዲግሪ ባሕር ጠለል ላይ ሙሉ የሚባለው በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ እዚህ ወደ 6.8 ይወርዳል። ውሃው 28 ሲደርስ ደግሞ 6.4 አካባቢ ነው። በሌላ አገር የተጻፈ የመድኃኒት መመሪያ ይህን አያስብም። ስንጥቡ በትል የተጎዳ ዓሣ በዚህ አየር ላይ የባክቴሪያ ድፍርስ ሲጨመርበት ሌሊት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በሦስቱም ሳምንት የአየር ፓምፕ ቀን ከሌሊት ይሥራ፤ ማሞቂያውንም ከ26 አያሳልፉ።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያድናል። እሱም ከሌለ በየሃያ ደቂቃው ውሃ በማሰሮ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ ወደ ገንዳው መልሰው ያፍስሱ፤ አሥር ጊዜ ያህል ይበቃል። ዝግ የሆነ ፊልተር ከአራት አምስት ሰዓት በላይ ከቆመ መብራት ሲመጣ ዝም ብለው አይለኩሱት። ውስጡ የታፈነው ውሃ ገምቶ ይቆያል፤ እሱን ደፍተው፣ ስፖንጁን በአኳሪየም ውሃ አለቅልቀው ይመልሱ።

ከሐይቁ የሚመጣው

ከሐይቁ ዳር የተነቀለ ቅጠል ፕላናሪያ፣ አልቅትና ቀንድ አውጣ ይዞ ይመጣል። ቀንድ አውጣው ከዓሣው ይልቅ ለእርስዎ ያሰጋል፤ በሐይቁ ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ፣ የሚያስተላልፈውም ቀንድ አውጣ ነው። ቢልሃርዚያም ራሱ ጠፍጣፋ ትል መሆኑን ልብ ይበሉ። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ቆዳን በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቅጠል ሲለቅሙ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አይግቡ፤ ቅጠሉን በረጅም ጓንት ያጽዱ፤ የሐይቅ ቀንድ አውጣ ያለበትን ውሃ ደግሞ በባዶ እጅ አይንኩ፣ በአፍም አይሳቡ።

ጠንካራ ቅጠል ያለው ተክል በበረኪና ይጸዳል፦ አንድ እጅ ያልተቀላቀለ በረኪና ለሃያ እጅ ውሃ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማለቅለቅና ሽታው እስኪጠፋ አንድ ቀን በባልዲ ማቆየት። ለስላሳ ቅጠል ይህን አይችልም፣ ይቃጠላል፤ ባይመጣ ይሻላል። አሸዋና ድንጋይ ይፈላል። ከሐይቁ የተጠለፈ የዓሣ ምግብ ነፍሳት ለጫጩት ጥሩ ምግብ ቢሆኑም ትሉም በዚያው ይገባል፤ በቤት ውስጥ በባልዲ ማርባት ይቻላል።

ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣ ዓሣ መንገዱን ሙሉ በአንድ ከረጢት ከሌሎች ጋር ተጨናንቆ ነው የደረሰው፤ ፍሉክ በብዛት የሚተላለፈውም እንዲህ ነው። አሸዋ የሌለው 30 ወይም 40 ሊትር ገንዳ፣ አንድ የስፖንጅ ፊልተር፣ የራሱ መረብ፣ አራት ሳምንት። በሁለተኛውና በዘጠነኛው ቀን ፕራዚኳንቴል በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም። የከረጢቱን ውሃ ወደ ገንዳው አያፍስሱ፤ ዓሣውን በመረብ አውጥተው ያስገቡ።

በሕክምናው ወቅት የሚወጣው ውሃ አትክልት የማይበቅልበት አፈር ላይ ይፈስሳል። ወደ ሐይቁ፣ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝም ሆነ ወደዚያ በሚሄድ ቦይ አይደፋም። የሰለቹትን ጎልድፊሽም እዚያ አይልቀቁ፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።